ስለ ሰርግ ድምፅና ስለ ባልንጀራ ጆሮ

በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 27 ቁጥር 14 ላይ ብዙ ሰዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት አንድ ትምህርት አለ። ጠቢቡ በዚያ ስፍራ የሚናገረው ስለ ተሳዳቢ ወይም ስለ ሐሰተኛ አይደለም፤ ባልንጀራውን ስለሚመርቅ ሰው ነው እንጂ። ነገር ግን ያ ሰው ምርቃቱን በታላቅ ጩኸትና ባልተገባ ሰዓት ስላደረገው በሰሚው ዘንድ እንደ ተራገመ ተቈጠረበት። በጎ ነገር እንኳ መጠኑንና ሰዓቱን ካጣ ክፉ ሆኖ ወደ ሰው ጆሮ ይደርሳል ማለት ነው። ይህን ትምህርት ዛሬ በከተሞቻችን የድምፅ ማጉያ ይዘው በየሰርጉ ለሚሠሩት፥ ዲጄ ለሚባሉት ሰዎች፥ ለሚቀጥሯቸውም የሰርግ ባለቤቶች ልናሳስብ ወደድን።

ነገራችንንም በቆቦና በራያ ቆላ እንጀምር። ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፥ በምዕራብም የላስታ ደጋ በሚያዋስኑት ሰፊ ሜዳ የተቀመጠች ከተማ ናት። ማሽላውና ጤፉ ከተሰበሰበ በኋላ፥ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የክርስቲያኑ ሰርግ ይበዛል። በቀድሞ ዘመን የሰርጉ ድምፅ ከበሮና እልልታ፥ ጭብጨባና ማሲንቆ ነበረ። የጨፋሪው ክንድ ሲደክም ድምፁም አብሮ ይደክም ስለ ነበር፥ ልኩን የሚወስነው የሰው ጉልበት ነበረ። ዛሬ ግን አንድ ጎልማሳ ሁለት ወይም አራት ሞንታርቦ፥ ማጉያውንና ሚክሰሩን፥ ላፕቶፑንና ማይኩን በመኪና ጭኖ ይመጣና በዳሱ ወይም በታላቁ አዳራሽ ውስጥ ይተክላል። ከዚያም በኋላ በአንዲት ጣቱ የሚያነሣውን ድምፅ ብዙ ከበሮ ቢሰበሰብ አይደርስበትም። መሣሪያው የማይደክም ነውና፥ ልክ የሚያበጅለት የያዘው ሰው ኅሊና ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰዎች፥ ክርስቲያን በዚህ ሥራ ሊኖር ይገባዋልን? ብለው ይጠይቃሉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈ፥ ቀራጮችና ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምክር በለመኑት ጊዜ ሥራቸውን ጥለው እንዲሄዱ አላዘዛቸውም፤ በሥራቸው ሰውን እንዳይበድሉ አስጠነቀቃቸው እንጂ። ጌታችንም በቃና ሰርግ ቤት ተቀመጠ። በዚያም ሰርግ የወይን ጠጁ ከወዴት እንደ መጣ የግብዣው አለቃ አላወቀም፤ ያወቁት ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ነበሩ። የዲጄም ስፍራ ከእነዚያ አገልጋዮች ጋር ነው፤ ግብዣው ያማረ እንደ ሆነ በማን እጅ እንዳማረ ሳይታወቅ የሚሠራ ነው። በየዘፈኑ መካከል የራሱን ስም በማይክ የሚጠራ ሰው ይህን ስፍራውን ረስቶአል።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ዲጄ በጩኸቱ ሰውን የሚያስጨንቀው ብዙ ጊዜ ከክፋት የተነሣ አይደለም፤ ሚዛኑ ስለሚዋሽበት ነው። ሚዛኑም ጆሮው ነው። ሰው በብርቱ ድምፅ አጠገብ ለብዙ ጊዜ በቆመ ጊዜ ጆሮው ይደነዝዛል፤ አስቀድሞ ብርቱ የነበረውም ድምፅ እንደ ቀላል ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ ጥቂት ይጨምራል፤ ጆሮውም ይደነዝዛል፤ እንደ ገናም ይጨምራል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የጀመረው ድምፅ በአራት ሰዓት እጅግ አድጎ ሳለ ለእርሱ ያው የፊተኛው ይመስለዋል። ከውጭ የገባ እንግዳ ጆሮውን ሲይዝ አይቶም ይስቃል። መጽሐፍ በሐሰተኛ ሚዛን የሚሸጠውን ነጋዴ አጥብቆ ይወቅሳል። ሚዛኑ እንደሚያባብል ያላወቀ ነጋዴ ምናልባት ይቅር ይባል ይሆናል፤ አውቆ በዚያው መመዘኑን የሚቀጥል ግን ምን ምክንያት አለው?

በሰው ጆሮ ውስጠኛ ክፍል ድምፅን የሚቀበሉ 15 ሺህ ያህል ፀጉር መሰል ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ አንድ ጊዜ ከሞቱም በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። በአሜሪካ ያሉ የሥራ ጤና ሊቃውንት ለሠራተኛ ያወጡት ልክ፥ በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ 8 ሰዓት፥ በ88 ደግሞ 4 ሰዓት፥ በ91 ሁለት ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በእኩሌታ እያነሰ ሄዶ በ100 ዴሲቤል ሩብ ሰዓት ብቻ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2014 ዓ.ም. ለሙዚቃና ለጭፈራ ስፍራዎች ባወጣው መመሪያ፥ አማካዩ ድምፅ በ15 ደቂቃ ሲታሰብ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ወስኖአል። ድምፅን የሚለካ መተግበሪያ በስልክ ላይ ሊጫን ይችላል፤ ልኩ ፍጹም ባይሆንም ከደነዘዘ ጆሮ እጅግ ይሻላል። ወንድሜ ሆይ፤ አንተ ራስህ በአንድ ወር ውስጥ በስንት ሰርግ ላይ ስንት ሰዓት እንደምትቆም ቈጥረህ ታውቃለህን? በብርቱ ድምፅ የሚጎዳ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ከዚህም የተነሣ ዲጄው ቀጭኑን ድምፅ ይጨምርበታል፤ የራሱንም ጉዳት በእንግዶቹ ጆሮ ላይ ያፈስሰዋል።

ሕፃናትም ከሞንታርቦው ፊት ቆመው መጨፈር ይወዳሉ። ማንም ሳይነግርህ ወደ ኋላ መልሳቸው፤ ሞንታርቦውንም ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርገህ ስቀለው። አዳራሹ ታላቅ በሆነ ጊዜ በፊት በኩል ሁለቱን ታላላቆች ከማስጮኽ ይልቅ ትንንሾቹን በየስፍራው ማከፋፈል ይሻላል፤ ያን ጊዜ ኋላ የተቀመጡት እንዲሰሙ ፊት የተቀመጡት አይደነቍሩም። በመተላለፊያ ላይ የተዘረጋ ገመድ ሳይሸፈን አይደር፤ ሕጉ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 በዕውር ፊት ዕንቅፋት እንዳይኖር ይከለክላልና፥ በጨለማ ዳስ ውስጥ ሁላችን ዕውሮች ነን። ጄኔሬተሩም ጢሱ ሰውን እንዳይገድል ከደጅ ይቁም።

ይህ ሁሉ ወደ ሰርጉ ስለ ተጠሩት ነው። ይልቁንም ልናስብ የሚገባን ስላልተጠሩት ነው። የተጠራው ሰው ድምፁ ቢከብደው ተነሥቶ ይሄዳል፤ በቤቱ የተኛው ግን ወዴት ይሂድ? እግዚአብሔር ለዓይን ክዳን ሰጠው፤ ለጆሮ ግን አልሰጠውም። በራያ ሜዳ ደግሞ ቀኑ ሞቃት ነው፤ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ምድሩ በቶሎ ይቀዘቅዛል። ከምድር አጠገብ ያለውም አየር ከላይኛው ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ፥ ወደ ላይ ይበተን የነበረው ድምፅ ወደ ምድር ይጎብጣል፥ ሩቅም ይሄዳል። ቀን በሰፈሩ ዳር የጠፋው ድምፅ ሌሊት እስከ ሌላው ሰፈር የሚሰማው ከጸጥታው የተነሣ ብቻ አይደለም። ባስ የሚባለው ወፍራሙ ድምፅ ከሁሉ ይብሳል፤ እርሱን ግድግዳና ቆርቆሮ አያቆሙትም፤ ወዲህ ብቻ ሂድ ተብሎም በቀላሉ አይታዘዝም። ስለዚህ ሌሊቱ ሲገፋ ከሁሉ በፊት ዝቅ ማለት የሚገባው ባሱ ነው።

ከግድግዳው ወዲያ ማን አለ? ለፈተና የሚያጠና ተማሪ፥ በማለዳ ለኪዳን የሚነሣ ካህን፥ ለሱብሂ ሶላት የሚነሣ እስላም ጎረቤት፥ የታመመች እናት ይኖራሉ። የቆቦም ሰው የቅርብ ጊዜ ትዝታ አለው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ከተማይቱ ገባ፤ በዚያው ዓመት በጳጉሜ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች በቆቦና በዙሪያዋ ተገደሉ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው እንደ ገና ተነሣ። የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ዓመቱ ሳይፈጸም በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ጀመረ። መሬትን የሚያናውጥ ድምፅ በሌሊት ሲመጣ ስለ ጭፈራ ሳይሆን ስለ ከባድ መሣሪያ የሚያስብ ሰው ቢኖር ሊያስደንቀን አይገባም። እንግዲህ አንዳንዶች ለማድመቅ ብለው በዘፈን መካከል የሚያስገቡት የተኩስና የሳይረን ድምፅ በእንዲህ ያለች ከተማ ሰርግ ላይ ምን ሥራ አለው? እኔ በበኩሌ አንድም ምክንያት አላገኘሁለትም።

አሁን እንዲህ ያለ ነገር ሆነ እንበል። ሰርጉ በቅዳሜ ነው፤ ዳሱ ተጥሎአል፥ እንጀራው ተጋግሮአል፥ ሞንታርቦውም ተተክሎአል። በዓርብ ሌሊት በሦስተኛው ቤት አንድ ሰው ሞተ። ሰርጉን መመለስ አይቻልም፤ የለቅሶውም ድንኳን ሊቆም ግድ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው በምዕራፍ 12 ቁጥር 15 ከደስተኛው ጋር መደሰትንና ከአልቃሹ ጋር ማልቀስን በአንድ ትእዛዝ ውስጥ አኖራቸው። በሁለት ቀን የሚደረጉ ይመስሉን ነበር፤ እነሆ በአንድ ሌሊት፥ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ መጡ። የአገራችን ጨዋ ልማድ መንገዱን ያውቀዋል፤ ሰርገኛው ወደ ለቅሶው ቤት ሽማግሌ ይልካል፥ ዘፈኑንም ያበርዳል። ከበሮ በነበረ ጊዜ ይህ በከበሮ መቺው እጅ ይፈጸም ነበር፤ ዛሬ በዲጄው እጅ ነው። ዲጄው ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላልና ሰፈሩን አያውቅም። ስለዚህ መሣሪያውን ከማራገፉ በፊት፥ በዚህ ሰፈር ሐዘን ወይም ሕመም አለን? ብሎ ይጠይቅ። ይህን ለመጠየቅ ገንዘብ አይወጣበትም።

ዲጄው ምናልባት ይመልስልን ይሆናል፦ እኔ ቅጥረኛ ነኝ፤ ጨምር የሚለኝ የከፈለኝ ሰው ነው። ይህን ምክንያት በፍጹም አንንቀውም፤ ሚዜዎቹ ሞቅ ብሎአቸው ዙሪያውን ከበው ሲጮኹበት እንቢ ማለት ለአንድ ወጣት ቀላል አይደለምና። ነገር ግን ጲላጦስም ሕዝቡ ጮኾበት እጁን ታጠበ፤ ውኃውም አላነጻውም። መድኃኒቱ ስምምነቱን በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ቀብዱ በሚሰጥበት ቀን ማድረግ ነው። ድምፁ በስንት ሰዓት እንደሚቀነስ፥ በስንት ሰዓትም እንደሚዘጋ ከሙሽራው አባት ወይም ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተነጋግረህ ጻፍ፤ ሌሊት የሚመጣብህን ወደ እርሱ ትልከዋለህ። ሕጉም ይረዳሃል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ልክ ሊወጣላቸው ከሚገባ ነገሮች ጋር ቈጥሮታል። ስለ ቀብድ ካነሣን ዘንድ፥ በጥር ወር ለአንድ ቅዳሜ ከሁለት ሰርግ ቀብድ ተቀብሎ አንዱን ሰርገኛ በመጨረሻዋ ቀን ስልክ የማያነሣለት ሰው ሌባ ነው፤ ከዚህ የለሰለሰ ስም አላገኘንለትም።

ስለ ዘፈኑም ምርጫ ጥቂት እንበል። በራያ አንድ ሰርግ ላይ አማርኛና ትግርኛ የሚናገሩ፥ ክርስቲያንና እስላም የሆኑ ዘመዶች በአንድ ዳስ ይቀመጣሉ፤ ምግቡም ለሁለቱ ወገን ለየብቻ ይሰናዳል። ሴት ወይዘሮዎቹ ይህን ያህል ተጠንቅቀው ሁለት ድስት ሲጥዱ፥ ዲጄው ግን ከእንግዶቹ አንዱን ወገን የሚያዋርድ ወይም የሚያስፎክር ዘፈን ቢከፍት የእነርሱን ድካም ሁሉ በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል። ለመብሉ ሁለት ድስት ካስፈለገ፥ ለዘፈኑም እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ምርቃት አለ። በወሎ ሰርግ ላይ ሽማግሌዎቹ ሲነሡ ከዘፈኑ ሁሉ የሚበልጠው ሰዓት ደርሶአል፤ ሙሽሮቹ ይዘውት የሚሄዱት ቃል ያ ነው። ስንት ጊዜ ግን የሽማግሌው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ዓይተን አንዲት ቃል ሳንሰማ ተቀመጥን! ወንድሜ ሆይ፤ ሽማግሌው ከመነሣቱ አስቀድመህ ዘፈኑን ፈጽመህ ዝጋው፤ ከሥሩም በቀስታ ይሂድ አትበል። ማይኩን ራስህ ወስደህ ስጠው፥ ወደ አፉም እንዲያቀርበው በአክብሮት አሳየው፤ እንዳያፏጭም ከሞንታርቦው ፊት ሳይሆን ከኋላው በኩል አቁመው። አንዱ ሽማግሌ ጨርሶ ለሁለተኛው እስኪሰጥ ድረስ እጅህን ከሚክሰሩ ላይ አንሣ፤ ሕዝቡ አሜን ሲል ድምፁ ያለ ማጉያ ይሰማ።