የፌዝ ሐኪምና የእውነት ወባ

በአስመሳይ ሐኪም መሳቅ ቀላል ነው። ሳቁ በማን ላይ እንዳረፈ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ሞልየር እ.ኤ.አ. በ1666 ፓሪስ ላይ ያቀረበውን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «የፌዝ ዶክተር» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰውን ተውኔት እናንሣ። ስጋናሬል እንጨት ቆራጭ ነው። «ሐኪም ነህ» እያሉ በዱላ ነረቱት፤ ሲብስበት «አዎ፣ ነኝ» አለ። ኋላ ነገሩ ጣመው። ካባ ደረበ፣ የማያውቀውን ላቲን አነበነበ፣ ልብን ወደ ቀኝ ጉበትን ወደ ግራ አዛወረ። ገንዘቡም መጣ። ታዲያ ሐኪም ያደረገው ማነው? የነረቱት እኮ ናቸው!

ደግሞ ልብ በሉ፤ ሞልየር በሌሎቹ ተውኔቶቹ አጥብቆ የሚያላግጠው በባለ ዲፕሎማዎቹ ላይ ነው። ያን ጊዜ የፓሪስ ሊቃነ ሕክምና መልሳቸው ደም ማፍሰስና ሆድ ማጠብ ነበር። ሃርቬይ ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዘዋወር በ1628 ቢጽፍም ብዙዎቹ ለዓመታት አሻፈረን ብለዋል። እንግዲህ የአጭበርባሪ ምልክቱ ወረቀት ማጣት ነው የሚለው አያስኬድም።

እኔን የሚከነክነኝ እንግሊዛዊው ሮበርት ታልቦር ነው። የመድኃኒት ቀማሚ ረዳት ሆኖ የጀመረ ሰው ነው። ምሥጢራዊ መድኃኒት አለኝ እያለ የንጉሥ ቻርልስ 2ኛን ንዳድ፣ ቀጥሎም የፈረንሳይን አልጋ ወራሽ ፈወሰ። ምሥጢሩ ሲገለጥ በወይን ጠጅ የተዘፈዘፈ የሲንኮና ቅርፊት ሆኖ ተገኘ፤ ኪኒን የሚወጣበት ማለት ነው። (ዛሬ የትኛውንም እንክብል «ክኒን» የምንለው ከዚሁ ስም ሳይሆን አይቀርም።) ይኸው ሰውዬ ግን በ1672 ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን ከዚያው ቅርፊት ተጠንቀቁ ብሎ ነበር! መድኃኒቱ እውነት፣ ሰውዬው ውሸታም። ሉዊ 14ኛ ምሥጢሩን ገዝቶ ያሳተመው በ1682፣ ታልቦር ከሞተ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በረግረጉ ዳር በንዳድ የሚንቀጠቀጠው ድኻ ዋጋውን ከየት ያምጣው?

ወባ ካልን ሮቢት እንውረድ፤ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ያለች የራያ ቆላ ከተማ። ይህ ቆላ ወባን አሳምሮ ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአገራችን የወባ መከላከል ሙከራ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሸለቆ ነበር። እንዲህ ባለ አገር አንዲት እናት የሚያተኩሰው ልጇን አዝላ መርፌ ወጊ ዘንድ ሄደች እንበል። ፔኒሲሊን ወጋላት። ፔኒሲሊን የወባን ተሐዋስያን አይገድልም። እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በእናትየዋ እንስቃለን፤ «መርፌ ካልተወጉ የዳኑ አይመስላቸውም» እንላለን። እሷ ግን «ምንድን ነው የወጋኸው?» ብላ ብትጠይቀውስ? «ለአንቺ ምን ያደርግልሻል?» ነው የሚላት። ለእኔ ወንጀሉ ከመርፌው ይልቅ እዚህ መልስ ላይ ነው።

ሥር ማሹም ቅጠሉን ሸሽጎ ለልጁ ብቻ ሲያወርስ ያው ነው። ኮሶን ተመልከቱ እስቲ፤ ዛፉን፣ ምሬቱን፣ ትል ማስወጣቱን ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። በኮሶ የከበረ ጠንቋይ ሰምታችኋል?

ነጭ ጋዋን የለበሰው ምሩቅስ? ለዚያችው እናት መድኃኒቱን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ሳያስረዳት «ቀጣይ!» ብሎ ሲጣራ፣ ወረቀቱ ለእሷ ከስጋናሬል ላቲን በምን ይለያል? በእሱ ላይ የተጻፈ ፌዝ ግን በዚህ መጽሔታችን እስካሁን አላነበብሁም።