ምሰሶው የወደቀ ቀን

መሪ ምንድን ነው ቢባል አብዛኞቻችን ብዙም ሳናስብ «የቤቱ ምሰሶ ነዋ!» እንላለን። አባት የቤተሰቡ፣ ሥራ አስኪያጅ የድርጅቱ፣ ጳጳስ የሀገረ ስብከቱ፣ ፕሬዚዳንት የክልሉ ምሰሶ ነው። ሙገሳው ያምራል። ዳሩ ግን በአንድ ምሰሶ የቆመ ጎጆ ምሰሶው የተነቀለ ዕለት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ታዲያ ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ዘመን መሪ ለሚመራቸው ሰዎች ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? ይበልጥ ወፍራም ምሰሶ መሆን ነው? ወይስ ቤቱን ያለ እርሱም እንዲቆም አድርጎ መሥራት?

በዚህ ጥያቄ እንደ ጅግጅጋ ደጋግማ የተፈተነች ከተማ ብዙ የለችም። በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ በየካቲት ተመለሰች። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላን ስትደበደብ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ድንበር ተሻግረው ከጅግጅጋ ወዲያ ሐርትሼክ ላይ ሰፈሩ። ክልሉ ሲዋቀር የጎዴ የነበረው ርዕሰ ከተማነትም ቆይቶ ወደ ጅግጅጋ ዞረ። ይህን ሁሉ ያየ ሕዝብ ክንዱ የበረታ ሰው ቢናፍቅ አይፈረድበትም።

ክንደ ብርቱው ሰው መጣ። አቶ አብዲ መሐመድ ዑመር በ2002 ዓ.ም. የክልሉ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የአቦሌ እልቂት ገና ከኅሊና አልጠፋም ነበር። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. ኦብነግ በነዳጅ ፍለጋ ጣቢያው ላይ በሰነዘረው ጥቃት ከ70 በላይ ኢትዮጵያውያንና ቻይናውያን ተገድለዋል። ከዚያ ወዲህ ልዩ ፖሊስ የሚባለው ኃይል ተደራጀ፤ አገሩ ጸጥ አለ ተባለ። በእርግጥም ጸጥ ብሎ ነበር፤ የጸጥታው ዋጋ ግን ጄል ኦጋዴን በሚባለው እስር ቤት ግድግዳ ውስጥ ይከፈል እንደነበር በኋላ ከእስረኞቹ አንደበት ሰማን።

ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የመከላከያ ሠራዊት ወደ ጅግጅጋ ገባ። የፕሬዚዳንቱ ወንበር ሲነቃነቅ ከተማዋ አብራ ተናጋች። ሱቆች ተዘረፉ፤ ሰዎች ተገደሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፤ ካህናት ሕይወታቸውን አጡ። እሳቱ ወደ ሌሎች የክልሉ ከተሞችም ተዛመተ። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ለቀቁ፤ በነሐሴ ተያዙ፤ ተከሰሱ፤ በ2016 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። የችሎቱን ጉዳይ ለሕግ ሰዎች እንተወውና እኛ ሌላ ነገር እንጠይቅ። በዚያ ቀን «ተዉ!» ብሎ ሕዝብን ማስቆም የሚችል ማን ነበር? ጎረቤቱን በጓዳው የሸሸገ ሶማሌ ነበረ፤ ምስጋና ይግባው። ነገር ግን የአንድ ሰው ደግነት የተቋምን ቦታ አይሞላም። ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ቃል ሲሠራ በኖረበት ክልል ያ ቃል ሲጠፋ የሚተካው አልተገኘም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ። «እሳት ሲነሣ ጉባኤ አይጠራም፤ በሚናወጥ ባሕር ላይ መቅዘፊያውን አንድ ሰው ይያዝ» ይባላል። ለአንድ ሌሊት ማዕበል እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማዕበሉ ዓመታት ቢቆይስ? መቅዘፊያው እጁ ላይ የከረመ ሰው ማዕበሉ ጸጥ እንዲል የሚፈልግበት ምክንያት እየጠፋ ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተቀሩት ተሳፋሪዎች መቅዘፍ መርሳታቸው ነው። ሥልጣንን ጠቅልሎ የያዘ መሪ የሚወስደው ሥልጣን ብቻ አይደለም፤ የሰውን የማሰብና የመፍረድ ልምድም ይወስዳል። ስለዚህ ነገሩ የአስተዳደር ጉድለት ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር በደል ነው የምለው።

ሌላ መንገድ መኖሩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአውባሬ ማዶ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ቦረማ የምትባል ከተማ አለች። በ1985 ዓ.ም. ሶማሊያ ፈርሳ፣ መሣሪያ በየቤቱ ተከማችቶ ሳለ፣ ጉርቲ የሚባሉት 150 ያህል የጎሣ ሽማግሌዎች በዚያች ከተማ ተቀመጡ። ከጥር እስከ ግንቦት ሲከራከሩ ቆይተው የሰላም ቻርተር አወጡ፤ መሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋልንም የሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ። ኢጋል በ1994 ዓ.ም. ሥልጣን ላይ እንዳሉ ሲሞቱ ምክትላቸው በሕጉ መሠረት ተተኩ። ምሰሶው ወደቀ፤ ቤቱ ግን አልፈረሰም። የሐርትሼክ ስደተኞችም አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ካምፑ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። ሶማሌላንድ ገነት ናት ማለቴ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ላስ አኖድ ላይ የፈሰሰው ደም ይመሰክራል። ግን የቀስታውን መንገድ የመረጡት ሽማግሌዎች ከችኩሉ ክንድ የበለጠ ነገር አቆይተዋል።

ለአማኝ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር፣ እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ነግሮ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። በእስልምናም ነቢዩ መሐመድ ባረፉ ጊዜ፣ ዑመር እንኳ አልሞቱም ብሎ ሲቆጣ፣ አቡበክር ወጥቶ ሟቹ ነቢዩ እንጂ ፈጣሪ አለመሆኑን ለሕዝቡ አስታወሰ። ሁለቱም ታሪኮች እምነትን ከሰው ትከሻ ላይ አንሥተው ወደ ቦታው ይመልሱታል።

የኛም አብያተ ክርስቲያናት ይህን በመከራ ተምረዋል። በደደርና በበደኖ፣ በዚሁ በምሥራቁ አገር ከተሠራው የሜኖናይት ሚስዮን ሥራ ጋር ታሪኳ የተሳሰረው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. በደርግ ተዘጋች። ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ሆነው መሰብሰብ ቀጠሉ፤ ቀድሞ ቦታ ያልተሰጣቸው ሴቶች ሳይቀሩ መሪ ሆኑ። ስትዘጋ 5,000 ያህል የነበረው የአባላቷ ቁጥር ደርግ ሲወድቅ ከ34,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ምሰሶው በጉልበት ተነቅሎ ሳለ ቤቱ ሰፋ።

ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያንን ደግሞ እንይ። አብያተ ክርስቲያናቷ ጅግጅጋ ላይ በነደዱበት በዚያው ሳምንት አቡነ መርቆሬዎስ ከረጅም ስደት ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ነበር። በአንድ መንበር ምክንያት ከ25 ዓመት በላይ በሁለት ሲኖዶስ የተከፈለችው ቤተ ክርስቲያን የታረቀችው አንዱን አባት አሸናፊ፣ ሌላውን ተሸናፊ አድርጋ አልነበረም። አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን፣ አቡነ መርቆሬዎስ ጸሎቱንና ቡራኬውን እንዲይዙ ተስማማች። አቡነ መርቆሬዎስ በየካቲት 2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም እንዲሁ ሆነ። አይካፈልም የተባለው ወንበር መካፈል እንደሚችል ታየ።

እንግዲህ ትምህርቱን ወደየቤታችን እንውሰደው። ቼኩን የሚፈርመው እርሱ፣ ቁልፉን የሚይዘው እርሱ፣ ለጋሹን የሚያውቀው እርሱ፣ በመድረኩ ላይ የሚናገረው እርሱ የሆነበት ስንት ማኅበር፣ ስንት የእርዳታ ድርጅት፣ ስንት ጉባኤ አለን? «እርሱ ከሌለ ይፈርሳል» ስንል እያመሰገንነው ይመስለናል። ብናስተውለው ግን ክስ ነው። በአስጊ ጊዜ መሪ ያለበት ዕዳ ነገን አውቃለሁ ብሎ ማጽናናት አይደለም፤ የማያውቀውን አላውቅም ማለት፣ የሚያውቀውን ማካፈል፣ የሚከራከሩትን ሰዎች ከአጠገቡ አለማራቅ፣ ቁልፉንም በደኅናው ቀን ለሌላ ማስያዝ ነው። እሳት ከተነሣ በኋላ ቁልፍ አይታደልም።

የምንመራም የምንመራውም ሰዎች ብንሆን አንድ ጥያቄ እንያዝ፦ ነገ ምሰሶው ቢወድቅ በቤታችን «ተዉ!» ብሎ የሚደመጥ ማን ይቀራል?