ተሐድሶና ምስክርነት

ከጃፓን የሚወጡትን ፈጣን መኪናዎች፣ ይልቁንም ኒሳን በ1989 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ያቀረበውን ስካይላይን ጂቲአር ለመግዛት የሚሻ ሰው፣ ገንዘቡን ከመቁጠሩ አስቀድሞ፣ ሳያስበው ከአንድ ጥንታዊ ጥያቄ ፊት ይቆማል፤ ፕሉታርክ አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ባቆዩት በቴሴዎስ መርከብ ምክንያት ያነሣው፣ ክፍሉ እየተለወጠ የሚኖር ነገር ህላዌው ያው የቀድሞው ነውን የሚለው ጥያቄ ነው።

የዚህ መኪና ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.6 ሊትር፣ ሁለት ቱርቦ ያለው ነው። ብረቱ ብርቱ ቢሆንም ፋሻው ይበላል፣ ብሮንዚናው ይሳሳል፤ በቀደሙትም ሞተሮች የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው የኮሎው ጫፍ አጭር በመሆኑ ፓምፑ የሚሰበርበት ጊዜ አለ። አዋቂ መካኒክ ሞተሩን አውርዶ፣ ቴስታታውን ፈትቶ፣ ያለቀውን ለውጦ መልሶ ሲገጥመው፣ ብዙው ገዢ «ይህ ሞተር ተነክቷል» ብሎ ይሸሻል፤ ከጎኑ የቆመውን፣ ቆጣሪው 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሚያሳየውን፣ ነገር ግን የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ የወጣውን፣ የሾፌሩም ወንበር ጠርዝ የተቀደደውን መኪና ግን በደስታ ይገዛል። ይህንን የቁጥር አምልኮ ከማለት በቀር ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ቁጥሩ ምስክር ከሆነ ስለ ማን ይመሰክራል? ለጃፓን ገበያ የተሠራው ፍጥነት መለኪያ በ180 ኪሎ ሜትር ስለሚያበቃ፣ አያሌ ባለቤቶች ከዚያ እጅግ በሚበልጥ መለኪያ ለወጡት፤ ከመለኪያው ጋር ቆጣሪው አብሮ ስለሚለወጥም፣ ቁጥሩ የአዲሱን ዕቃ ዕድሜ እንጂ የመኪናውን ዕድሜ አይናገርም። ሻኬን በሚባለው የመንግሥት ምርመራ የምስክር ወረቀት ላይ የተጓዘው ርቀት መጻፍ የጀመረው በ2004 በመሆኑ፣ የፊተኞቹ መኪናዎች የመጀመሪያ 15 ዓመታት በዚያ ወረቀት አይገኙም። (የኃይላቸውም ቁጥር ቢሆን ፋብሪካዎቹ ተስማምተው 280 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ይሉት የነበረ፣ እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ የሚበልጥ ነበር፤ ለትሕትና ሲባል የሚነገር ሐሰት ከሐሰት ይቈጠር እንደ ሆነ ሊቃውንት ይፍረዱ።)

በዚያው በጃፓን፣ በኢሴ የሚገኘው ታላቅ መቅደስ ከ690 ጀምሮ፣ በጦርነት ዘመን ቢቋረጥም፣ በየ20 ዓመቱ አሮጌው ሳይፈርስ በአጠገቡ ባለው ባዶ ስፍራ በአዲስ እንጨት ይታነጻል፤ ቅዱሱም መስተዋት በሌሊት ሥርዓት ወደ አዲሱ ይሸጋገራል። በ2013 ለ62ኛ ጊዜ ሲታነጽ ሕዝቡ ያው መቅደስ ነው አለ እንጂ አስመሳይ ነው አላለም፤ እንጨቱ ሁሉ ቢለወጥም መለወጡ በአደባባይ የታወቀ፣ አናጺው ከአናጺ የተቀበለው ነውና። የአንድ ነገር ህላዌ ጸንቶ የሚኖረው በቁሱ አለመለወጥ ሳይሆን በለውጡ ምስክርነት ይመስለኛል።

በንስሐም ነገር እንዲሁ ነው፤ ተነሳሒው ያለፈውን አልሠራሁትም አይልም፣ ይናዘዛል እንጂ። ደረሰኙ፣ ፎቶግራፉ፣ የብሮንዚናው ልክ የተጻፈበት ወረቀት የሞተር ኑዛዜ ናቸው፤ ወደ ኋላ የተመለሰ ቆጣሪ ግን ዘመኑ ራሱ አልነበረም ባይ ነው። «ታድሷል» የሚለውም ቃል ያለ ማስረጃ ሲነገር ከዚያ አይሻልም፤ ቀለም የተቀባ ሞተር ስንቱን አታሏል፤ የስድስቱ ሲሊንደሮች ግፊት ተለክቶ መቀራረቡ ካልታየ ቃሉን አልቀበለውም።

የሚከብደው ግን ቆጣሪው የተመለሰበትን መኪና ከሌሎች እጅ ተቀብሎ መልሶ የሚሸጠው አምስተኛው ባለቤት ነው። ቆጣሪውን አልነካም፤ ከአራተኛው የሰማውን ቁጥር በቅን ልቡና ይደግማል። የሐሰት ምስክርነትን የሚከለክለው ትእዛዝ ያገኘዋልን? ሳይጠራጠር ከተናገረ አያገኘውም እላለሁ፤ የተላጠውን ፔዳል አይቶ ዝም ካለ ግን ያገኘዋል። በጃፓን ጨረታዎች ቆጣሪው መለወጡ ወይም ንባቡ አጠራጣሪ መሆኑ ሲታወቅ በመኪናው የምርመራ ወረቀት ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ያም ምልክት ዋጋውን ስለሚቀንስ፣ አምስተኛው ባለቤት ተመሳሳይ ቃል በማስታወቂያው ላይ ለመጻፍ ከራሱ ኪስ መክፈል ይኖርበታል።