የተቆረጠው ጎማ

ከነቀምቴ ወደ ዲጋ በሚያወጣው መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ነበር አሉ። ከቆርቆሮ በተሠራች ትንሽ ዳስ ሥር ንፋስ መሙያውን፣ ሁለት ማውለቂያ ብረቶቹን፣ ሳሙና የተበጠበጠበትን የውሃ ጣሳና አንድ አጭር ቢላ ይዞ ይውላል። ጎማ የተነፈሰበት ሁሉ ስሙን ያውቃል፤ ጎማ ያልተነፈሰበት ሰላም ብሎት ያልፋል።

የወለጋ ዝናብ ቶሎ አይጠግብም። ግንቦት ላይ ይጀምራል፣ መስከረምን ይሻገራል። ቀዩ አፈር ሲርስ እንኳን ሞተር ሰው በእግሩ አይቆምበትም። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው አሉ፣ አንድ ወጣት ሞተረኛ ቦክሰሩን እየገፋ ወደዚያች ዳስ የመጣው።

ልጁ ከከተማ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሰው የሚያመላልስ ነው። የኋላ ጎማው መሀሉ ተልጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። የኋላው ከፊተኛው ቀድሞ ማለቁ ያለ ነው፤ የሞተሩን ጉልበት መሬት ላይ የሚያሳርፈው እሱ ነው፣ ጭነቱንም አብዛኛውን የሚሸከመው እሱ ነው። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ተጋድማ የምትገኝ ትንሽ ጉብታ አለች፤ ፋብሪካው “እዚህ ሲደርስ በቃ” ብሎ ያስቀመጣት። በዚህ ጎማ ላይ ጉብታዋ ከጎማው ፊት ጋር እኩል ከሆነች ሰንብታለች። ከጥቂት ቀን በፊት ደግሞ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ፣ ከኋላው የተቀመጡት እናት ከነእንቁላላቸው ወደቁበት። እሳቸው ተረፉ፣ እንቁላሉ አልተረፈም። ልጁ በድንጋጤ “ከእንግዲህ በዚህ ጎማ ሰው ብጭን!” ብሎ ማለ።

ያጠራቀማትን ይዞ ገበያ ወጣ። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ምስማር ላይ የተሰቀለ ጎማ አየ። መጠኑ 3.00-17 ይላል፤ ለኋላው ልኩ ነው። ጥርሱ ቆሟል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ቀነስ ይላል። ገዝቶ መጣ።

“አባቴ፣ ይህን ይግጠሙልኝ። የዘንድሮ ምርት ነው።”

“የዘንድሮ መሆኑን ማን ነገረህ ልጄ?”

“ራሱ ይናገራል” አለና ልጁ በጎማው ጎን ላይ የታተሙትን አራት አሃዞች በጣቱ አሳየ፤ 0817። “ባለሱቁ አስተምሮኛል። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ነው የሚናገሩት። ስምንተኛው ሳምንት፣ 2017።”

“ንባብህ ልክ ነው። የማን 2017 ነው?”

ልጁ ዝም አለ።

“ይህ የተሠራው ህንድ አገር ነው። እዚያ ጳጉሜን የለም። እነሱ 2017ን በያዙ በስምንተኛው ሳምንት፣ እኛ ገና የካቲት 2009 ላይ ነበርን። አንተ ያኔ ስንተኛ ክፍል ነበርክ?”

“አምስተኛ።”

ሽማግሌው ጎማውን በጉልበቱ ደግፎ ወደ ኋላ ቀለበሰው። በጥርሶቹ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ተከፈቱ። “ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል። ፀሐዩና አየሩ ያደርቁታል። የደረቀ ላስቲክ ጥርስ ቢኖረውም መሬት አይነክስም።”

ልጁ ጎማውን ነጥቆ ወደ ሱቁ በረረ። ባለሱቁ መጀመሪያ ካደ፣ ከዚያ ማለ፣ በመጨረሻ ተናገረ፦ “እኔስ ምን ላድርግ? ከመርካቶ ሲሰጡኝ ‘ትንሽ ቆይቷል፤ ለክፍለ ሀገር ግን ይበቃል’ ብለው ነው የቀነሱልኝ።” ተጨቃጨቁ፣ ልጁ ልዩነቱን ጨመረ፣ 3124 የሚል ጎማ ተቀበለ፤ ሐምሌ 2016 መሆኑ ነው። ባለሱቁም የተመለሰለትን ጎማ አቧራውን አራግፎ እዚያው ምስማር ላይ ሰቀለው። ልጁ ሲሰቀል አየ። የራሱን አግኝቷልና ምንም አላለም።

ጎሚስታው ሥራውን ሠራ። አሮጌውን አወለቀ፣ ልጥፍ በልጥፍ የሆነውን የውስጡን ጎማ ጥሎ በአዲስ ተካ፣ የመዞሪያውን ቀስት አይቶ አዲሱን አገባ፣ ነፋ፣ ጠርዙ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን ተመለከተ። ልጁ ሒሳቡን ከፈለ።

“አሮጌውን ከኋላ ይሰሩልኝ” አለ።

“ምን ልታደርገው?”

“አርጆ ጉደቱ የአክስቴ ልጅ አለ። እሱም ሰው ይጭናል፤ የእሱ ጎማ ከዚህ የባሰ ነው። በትንሽ ብር እሰጠዋለሁ። ለገጠር መንገድ ይበቃል።”

ሽማግሌው አልመለሰለትም። ቢላውን አነሳና ሳሙናው ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ደረቅ ቢላ ላስቲክ ላይ ይያዛል፣ የረጠበ ግን ይሄዳል። አሮጌውን ጎማ መሬት ላይ አጋድሞ በእግሩ ረገጠ። ከተላጠው መሀሉ ጀመረ። ቢላው ገባ፣ ወጣ፣ ገባ። ውሃ ጨመረበት። ወደ ቀኝ ጎኑ ወረደ፣ ተመልሶ ወደ ግራ ጎኑ ወረደ። ሁለቱ ጠርዞች ላይ ያለው የብረት ሽቦ ሲቀረው ቢላውን አስቀምጦ ፒንሳውን አነሳ። አንዱን ጠርዝ ቀጭ፣ ሌላውን ጠርዝ ቀጭ። ክብ የነበረው ተዘርግቶ ተኛ።

“አባቴ! ምነው? ንብረቴ እኮ ነው!”

“ንብረትህ ነው። በስንት ልትሸጥለት ነበር?”

ልጁ ዋጋውን ተናገረ። ሽማግሌው አሁን የተቀበለውን የመግጠሚያ ሒሳብ ከኪሱ አወጣ፣ አልሞላ ሲለው ከራሱ ጨመረበት፣ ቆጥሮ ሰጠው።

“የተቆረጠ ጎማ ምን ያደርግልዎታል?”

“የሚረባው ከተቆረጠ ወዲያ ነው። በረባሶ ሠሪው ለማሰሪያ ይወስደዋል። የአክስትህን ልጅ ወደኔ ላከው፤ እጄን አላስከፍለውም።”

ልጁ ገንዘቡን ተቀብሎ ተነሳ። በሱቁ በኩል ሲያልፍ፣ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ የነካው አንድ የገጠር ልጅ ከምስማሩ ሥር ቆሞ አራቱን አሃዞች በጣቱ ሲከተል አየ። ከዚህ በኋላ ያለውን የሚያወሩት ሰዎች አይስማሙም። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ የሚሉ አሉ። የሰው ገበያ ማበላሸት ነውር መስሎት አለፈ የሚሉም አሉ።

እንግዲህ “ይበቃል” የምትለዋን ቃል መንገዷን እንይ። መርካቶ ላይ ለነቀምቴ ተባለች፤ ነቀምቴ ላይ ለአርጆ ጉደቱ ተባለች። ወደ ታች በወረደች ቁጥር አስፋልቱ እየራቀ፣ ጭቃው እየወፈረ ነው የሚሄደው። የጎማ ጥርስ የተቆረጠው ውሃን ገፍቶ እንዲያወጣና ልል አፈርን እንዲይዝ ነው፤ በደረቅ አስፋልት ላይ የተላጠ ጎማም ለጥቂት ጊዜ ያዘግማል። ወደ ጊምቢ በሚሄደው አስፋልት ላይ የማይታመን ጎማ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ቀበሌ በሚገባው ቀይ መንገድ ላይ በምን ይታመናል? እዚያ የወደቀ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በሰው ትከሻ ነው። ከሁሉ የተሻለው ጎማ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ለቆመው ሰው ነበር።

ልጁ ክፉ አልነበረም። ለዘመዱ የሚያዝን፣ ያለውን የሚያካፍል ነው። ያካፈለው ግን ሰው ልጭንበት አልችልም ብሎ የማለበትን ነው፤ መሐላው የእሱን ተሳፋሪዎች እንጂ የአክስቱን ልጅ ተሳፋሪዎች አልቆጠረም። በወደቀ ሰው ራስ ላይ የተሰነጠቀ ሄልሜትም በዚሁ መንገድ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፋል፤ የሚቀበለውም አመስግኖ ነው የሚቀበለው። ምስጋናው ነው ነገሩን የሚያከብደው።

ጎሚስታው ከዚያ ወዲህ ያወለቀውን የተላጠ ጎማ ሁሉ ባለቤቱን አስፈቅዶ ይቆርጣል። ባለቤቱ እምቢ ካለ ይገዛዋል፤ መግዣ ሲያጣ ሥራውን አይቀበልም። ደስ ያላቸው ሞተረኞች አሉ፤ አሮጌውን ራሳቸው ቢላው ሥር ያኖራሉ። ብዙዎቹ ግን አሮጌውን ሳይነካ አስሮ ወደሚያስረክባቸው፣ መንገዱን ትንሽ ወረድ ብሎ ወዳለው ሌላ ጎሚስታ ዞሩ። የአክስቱ ልጅ መጥቶ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።