ስለ ጭምቲቱ ድመትና ስለሚቀበላት ሰው

በእንግሊዝ አገር ከተሞች ደጋግሞ የሚሆን ነገር አለ። ዕድሜዋ የገፋ አንዲት ባልቴት ብቻዋን ከኖረችበት ቤት ወጥታ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ትገባለች፤ የመጦሪያውም ቤት ሥርዓት እንስሳ ይዞ መግባትን የሚከለክል ይሆናል። እርሷ ግን ስምንት ዓመት አብራት የኖረች፥ ፀጕሯ የረዘመ፥ ፊቷ ጠፍጠፍ ያለ፥ የፋርስ ድመት የምትባል፥ ዘሯም በደብተር የተጻፈ አንዲት ድመት አለቻት። ከዚህም የተነሣ «ጭምት ናት፤ ሰው አትቧጭርም፤ ዘሯም የታወቀ ነው፤ በደግነት የሚቀበላት ሰው ይፈለጋል» እየተባለ ይነገርላታል። ይህን ሰምቶ የሚመጣው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ዘሯ እውነተኛ ነውን? ጠባይዋስ በእርግጥ ጭምት ነውን? እንዲህ ሲጠይቅ ስለ ድመቲቱ የጠየቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ሁለቱም ጥያቄ ስለ ራሱ ነው፤ ፊተኛው ስለ ክብሩ፥ ኋለኛውም ስለ ዕረፍቱ ነው።

«የተራበ ሰው በደጅ ቆሞ ሳለ ስለ ድመት መናገር ምን ይጠቅማል» የሚል አይጠፋም፤ ቃሉም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የተቸገረ ባልንጀራውን አልፎ ለድመት ዘር ብዙ ገንዘብ የሚከፍል ሰው፥ አልዓዛር በደጁ ወድቆ ሳለ እንዳላየ የሆነው ባለጠጋ እንደ ተጠየቀ ይጠየቅበታል። ይሁን እንጂ ጕዳዩን ለይቶ ማየት ይገባል። ለስሟ ገንዘብ የወጣው ድመቲቱ ገና ግልገል ሳለች ነው፤ የቅንጦቱ ሒሳብ ከፊተኛው ገዢ ጋር ተዘግቷል። ዛሬ ለሁለተኛው ሰው የቀረበችለት ጌጥ ሳትሆን ነፍስ ያላት ፍጥረት ናት፤ የሚያስፈልጋትም ምግብና ውኃ፥ መተኛም፥ የሚያስብላትም ሰው ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚያስብ ሲናገር፥ ይህ እንስሳ ውድ ነው፥ ያኛው ርካሽ ነው ብሎ አልለየም።

የድመትን ዘር ቈጥሮ በደብተር መጻፍ የጥንት ልማድ አይደለም። ድመት ወደ ሰው ቤት የቀረበችው ሰው እህል ማከማቸት በጀመረ ጊዜ አይጥን ተከትላ እንደሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ በቆጵሮስ ደሴትም ከሰው አጠገብ የተቀበረች፥ 9500 ዓመት ያህል የሆናት ድመት ተገኝታለች። በዚያ ሁሉ ዘመን ድመት የምትመዘነው በያዘችው አይጥ ነበር፤ በአገራችንም በጎተራ አጠገብ እስከ ዛሬ የምትመዘነው በዚሁ ነው። በ1871 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዓመት እንደዚሁ ነው) ሃሪሰን ዊር የተባለ ሠዓሊ፥ በለንደን ክሪስታል ፓላስ በሚባለው የመስተዋት አዳራሽ ታላቅ የድመት ትርኢት አሰናዳ። አሳቡም የተናቀችውን የቤት ድመት ሰው እንዲያከብራት ነበር። በ1887 ናሽናል ካት ክለብ የተባለው ማኅበር በቆመ ጊዜ ፊተኛው ሊቀ መንበር እርሱ ሆነ። ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ ሹመቱን ተወ፤ ምክንያቱንም ሲገልጥ የብዙዎቹ አባላት አሳብ ሽልማት መውሰድ እንጂ የድመቶች ደኅንነት አይደለም አለ። ሥራውን የጀመረው ሰው ራሱ እንዲህ ካለ፥ ሌላ ምስክር መፈለግ ድካም ነው።

ይህም ነገር በቃል ብቻ አልቀረም፥ በእንስሳቱ ሥጋ ላይ ታይቷል። ሰው የፋርስን ድመት ጠፍጣፋ ፊት ስለ ወደደ፥ አፍንጫቸው ያጠረውን እየመረጠ ሲያዋልድ፥ ከልጅ ወደ ልጅ ፊታቸው እየገባ ሄዶ ዛሬ ከእነርሱ ብዙዎቹ በጭንቅ ይተነፍሳሉ፤ የእንባቸውም መውረጃ ስለ ጠበበ እንባቸው በጕንጫቸው ላይ ይፈስሳል። ከወላጅ የሚወረስ የኵላሊት ደዌም በዚሁ ዘር ውስጥ ተገኝቷል። ባለቤቲቱ «ደጅ መውጣት አትወድም፥ መሮጥም አትወድም» ስትል፥ ምናልባት የምትናገረው ስለ ጠባይዋ ሳይሆን ስለ ትንፋሿ ይሆናል።

የዘር ስም ምን ያህል እንደሚታመን ለኢትዮጵያ ሰው የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በአውሮፓ «አቢሲኒያን» ማለት የሐበሻ ድመት የምትባል፥ ፀጕሯ አጭር፥ መልኳ የጥንቸል የመሰለ ድመት አለች። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ ሲመለስ «ዙላ» የተባለች ድመት ወደ አገሩ ወሰደ፥ የዘሩም መጀመሪያ እርሷ ናት እየተባለ ሲተረክ ኖሯል። ዳሩ ግን በቅርብ ዘመን የተደረገው የዘር ምርመራ ከኢትዮጵያ ይልቅ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ድመቶች ጋር እንደምትቀራረብ አመለከተ። ስሙ ግን በደብተር ላይ እንደ ተጻፈ ነው። ድመቲቱ በዚህ አታፍርም፥ አትኰራምም። በኤርምያስ መልእክት የግሪክ ንባብ ስለ ባቢሎን ጣዖታት በተነገረበት ስፍራ ድመቶችም በጣዖታቱ ላይ እንደሚቀመጡ ተጠቅሷል፤ ድመት የወርቁን ጣዖት ከእንጨቱ ለይታ አትሰግድለትምና። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስና ለቲቶ ሲጽፍ መጨረሻ ከሌለው የትውልድ ቈጠራ እንዲርቁ ያዘዘው ለሰዎች ነው፤ ለድመት ሲሆንማ ይልቁን።

እንዲህም ሲባል ደብተሩ ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የአባትና የእናት ደዌ ሊመረመር የሚችለው በእርሱ ነውና፥ ተቀባዩ ሊያነብበው ይገባል። ነገር ግን ደብተሩ አራትና አምስት ትውልድ አያቶቿን ሲናገር፥ በሌሊት ወዴት እንደምትተኛ፥ የምን ድምፅ እንደምትፈራ፥ ሲያበጥሯት የትኛው ጐኗ እንደሚያማት አይናገርም። ይህን የምታውቀው ባልቴቲቱ ናት። ተቀባዩ ግን ደብተሩን ጠይቆ ባልቴቲቱን ሳይጠይቅ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ ጭምትነቷ ነገር እንመለስ ቢባል፥ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ክፍል፥ «ራግዶል» የተባለ የድመት ዘር ተዋልዶ ወጣ፤ ትርጓሜውም የጨርቅ አሻንጕሊት ማለት ነው። እንዲህ የተባለውም ሲያቅፉት ሰውነቱን ለቅቆ ስለሚዝለፈለፍ ነው። ነፍስ ያለውን ፍጥረት ነፍስ በሌለው መጫወቻ ስም መጥራት የሰውን ልብ ይገልጣል፤ ሰው የሚወድደው የማይቃወመውን ነውና።

የድመት ዝምታ ግን ንባቡ አንድ ሲሆን ትርጓሜው ብዙ ነው። አንድም ተፈጥሮዋ ነው፤ ከወላጆቿ የወረሰችው፥ በሕፃንነቷም በሰው እጅ በመልካም ያደገችበት ጠባይ ነው። አንድም ፍርሃት ነው፤ ድመት መሸሻ ባጣች ጊዜ አካሏን ሰብስባ፥ ዐይኗን አፍጥጣ፥ እንደ ድንጋይ ትሆናለች፤ የማያውቃትም ሰው «እንዴት ያለች ጨዋ ናት» ይላል። አንድም ሕመም ነው፤ ድመት እንደ ውሻ አትጮኽም፥ ሕመሟንም ትሸሽጋለች፤ ጥርሷ ቢታመም፥ መገጣጠሚያዋ ቢደርቅ፥ ኵላሊቷ ቢደክም፥ የሚታየው ምልክት አለመንቀሳቀስ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድም ኀዘን የመሰለ ነገር ነው፤ የለመደችው ሰውና የለመደችው ሽታ በአንድ ቀን ሲጠፋባት መብላትን ትተዋለችና። እነዚህ አራቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ካህኑ ዔሊ በሴሎ ተቀምጦ ሐናን ባየ ጊዜ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ግን አይሰማም ነበርና ሰክራለች አላት። ዔሊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በቤተ መቅደስም ደጅ ብዙ ሰው ያየ ሽማግሌ ነበር። ስሕተቱ የዝምታን ትርጓሜ ሳይጠይቅ መፍረዱ ነው። ሐና ግን አፍ አላትና መለሰችለት፤ እርሱም ፍርዱን መልሶ መረቃት። ድመቲቱ የምትመልስበት አፍ የላትም፤ ስለዚህ የሚቀበላት ሰው እንደ ዔሊ ከፈረደ በኋላ የሚያርመው አያገኝም። የሚጮኽ እንስሳ ራሱ ይሟገታል፤ ስለ ጭምቱ ግን መሟገት የሚገባው ያው የተቀበለው ሰው ነው፤ ከሳሽም ዳኛም ጠበቃም እርሱ ይሆናል። በሰዎችም መካከል ቢሆን ከቤተ ሰብ ሁሉ ዝም የምትለዋን አገልጋይ «እርሷ ምንም አይጐድላት» ማለት የተለመደ ነው።

«ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት በዚህ ቦታ ይመጣል። ሰሙ የግብዝ ተግሣጽ ነው፤ ልብሱን ለውጦ ልቡን ያልለወጠ ሰው ይነቀፍበታል። ነገር ግን ነገሩን ከድመቲቱ ወገን ሆኖ ለሚመረምር ሌላ ወርቅ ይወጣዋል፤ ድመቲቱ ከቶ አልመነኰሰችም፥ ቆቡን የደፋባት ሰው ነው። «ጭምት ናት፥ መነኵሲት ናት» ብሎ የወሰዳት ሰው፥ በአዲሱ ቤት በሦስተኛው ቀን እጁን ብትቧጭረው «ተታለልሁ» ብሎ ይመልሳታል። ያታለለው ማን ነው? እርሷ ቃል አልገባችም፥ ደብተር አልጻፈችም። እንዲህ እየተመለሰች ሁለትና ሦስት ቤት የዞረች ድመት ግን በመጨረሻ በእርግጥ የማትታመን ትሆናለች፤ ያን ጊዜም ጥፋቱ በእርሷ ስም ይጻፋል።

በእንግሊዝ ከጁን 10 ቀን 2024 ጀምሮ በሰው ቤት የምትኖር፥ ዕድሜዋ 20 ሳምንት የሆናት ድመት ሁሉ፥ የሩዝ ቅንጣት የምታህል ቍጥር የያዘች ምልክት ከቆዳዋ በታች እንድትገባላት በሕግ ታዝዟል። ድመቲቱ ወደ ሌላ ሰው ስትተላለፍም የተቀባዩ ስምና አድራሻ በመዝገቡ ይለወጣል። በዚህ ሕግ ቋንቋ የሚመዘገበው ሰው ጠባቂ ይባላል እንጂ ባለቤት አይባልም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ኦሪትን አስበው ይሁን አይሁን፥ አዳም በገነት የተሾመበት ሥራ ስሙ ይኸው መጠበቅ ነበር። በኦሪት ዘዳግምም የጠፋ በሬ ወይም በግ ያገኘ ሰው፥ ባለቤቱ ሩቅ ቢሆን ወይም ባይታወቅ፥ እንስሳውን ወደ ቤቱ ወስዶ ፈላጊው እስኪመጣ እንዲያኖረው ታዝዟል። ያኛው ሰው ያኖራል እንጂ አይወርስም።

ነቢዩ ናታንም ለዳዊት ስለ ድኻው ሰው በግ በነገረው ምሳሌ የበጊቱን ዋጋ አላነሣም። ያነሣው ከእንጀራው እንደ በላች፥ ከዋንጫውም እንደ ጠጣች፥ በብብቱም እንደ ተኛች ነው። ዳዊትም ሲፈርድ አራት እጥፍ ይክፈል ብሎ አልበቃውም፤ አስቀድሞ ሞት ይገባዋል አለ። አራት እጥፍማ በኦሪት ለተሰረቀ በግ የተወሰነ ካሣ ነው፤ ዋጋውን ይሸፍናል። የሞቱ ቃል የወጣው ግን ለዋጋው አይደለም፤ በብብት ለተኛችው ነው። ባልቴቲቱ ድመቷን ማንም አልነጠቃትም፥ በገዛ እጇ ሰጥታለች። ነገር ግን ተቀባዩ ዋጋ ሳይከፍል የወሰደ መስሎት፥ ስምንት ዓመት በአንድ ሰው ጕልበት ላይ የተኛችውን እንደ አሮጌ ወንበር ቢያነሣት፥ ሳይሰርቅ ከዚያ ባለጠጋ ጋር ይቈጠራል።

የአቀባበሉ ሥርዓት ብዙ ቃል አይሻም። በፊተኞቹ ቀኖች አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል ትበቃታለች፤ የለመደችው ምግብ በአንድ ጊዜ አይለወጥባትም፤ ከተሸሸገችበት በእጅ አትሳብም፤ ጥቂት ሳምንትም ወደ ውጭ አትለቀቅም። አንድ ሙሉ ቀን ያለ ምግብ ካለፈ ግን «ትለምዳለች» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ድመት በመጾም ጕበቷ ይታወካልና ለእንስሳት ሐኪም መንገር ያስፈልጋል። የፋርስ ድመት ፀጕርም በየቀኑ ካልተበጠረ ይቋጠራል፥ ቆዳዋንም ያቈስላል፤ ይህን ሥራ በየማለዳው ለመሥራት የማይችል ሰው አስቀድሞ አልችልም ቢል ከመቀበሉ ይልቅ ያ ደግነት ነው።

ስለ ባልቴቲቱ የቀረ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ተቀባዮች የሰጠ ሰው ተመልሶ መጠየቅ የለበትም ይላሉ፤ ጥያቄውም እንደ ስለላ ይሆንባቸዋል። እርሷ ግን ድመቲቱን ስታስረክብ ማበጠሪያዋንና የምትተኛበትን ትራስ ጨምራ ሰጥታለች፤ ትራሱም ቶሎ እንዳይታጠብ ለምናለች፥ የቤቷ ሽታ እንዳይለቅቅ ብላ። በመጦሪያው ክፍል ሆና የምታስበው ድመቲቱ ትፈልገኛለች ብላ ነው፤ ይህም እውነት ይሁን አይሁን የድመትን ልብ የመረመረ ሰው አይመልስላትም። ተቀባዩ የሚያውቀው ግን አለ። በፊተኛው ሌሊት ድመቲቱ ከአልጋ ሥር አልወጣችም፤ በማለዳ ሳሕኑ እንደ ሞላ ተገኘ። በሁለተኛው ሌሊት ትራሱ ከአልጋው አጠገብ ሳይታጠብ ተቀመጠላት። በነጋም ጊዜ ትራሱ በመካከሉ ጐድጕዷል፥ ነጭ ፀጕርም ይዟል፤ ምግቡም እኩል ተበልቷል። ይህን ለባልቴቲቱ በስልክ መንገር ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ስልኩም በእጁ አለ።