ነጻ እና በነጻ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ምሥራቁን በረሃ የሚያቋርጠው የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኞቹን የሚያወርደው በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ በናጋድ ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ አበባ፣ በ2017 ደግሞ በጅቡቲ የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ ግን 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። በመሆኑም የአሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ላይ ሊሄድ አይችልም። የአዲሱ ሐዲድ ልክ በብዙ አገሮች የታወቀና ለማንም የተገለጠ ስለሆነ ፉርጎ ለመሥራት የሚሻ ሁሉ ልኩን አውቆ መሥራት ይችላል። ልኩ የተሰወረ ሐዲድ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ የአንድ ፋብሪካ እስረኛ በሆነ ነበር። ይህ ነገር ከባቡር ይልቅ በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠው ኮምፒውተር የበለጠ እውነት ነው።

በናጋድ አካባቢ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባት በባቡር ሥራ ላይ ነው፤ እናት ድሬዳዋ ላሉት ዘመዶቿ በአማርኛ ትጽፋለች፤ ልጅ በፈረንሳይኛ ይማራል። ቤቱ ውስጥ ያገለገለ ኮምፒውተር አለ፤ የሚሠራውም በዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓተ ክወና ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት እድሳት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የሌለ የደኅንነት መሣሪያ ስለሚጠይቅ ማሽኑን አይቀበለውም። እንግዲህ ሦስት በሮች ተከፍተዋል፤ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት፣ ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ ከገበያ አምጥቶ መጫን፣ ወይም የምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ ሥርዓተ ክወና መምረጥ። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የመሣሪያ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው በር ገንዘብ ላለው ብቻ የተከፈተ በመሆኑ እንለፈው። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው ሳይጨነቅ የሚገባበት ነው። ለዚህም ምክንያት አያጣም። በአገራችን መጽሐፍ መገልበጥ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ እንዲያውም ቁም ጸሐፊው ብራናውን ዳምጦ፣ ቀለሙን በጥብጦ የሚገለብጠው መጽሐፍ ለሰጪውም ለተቀባዩም በረከት ነበር። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ የሚገኘው ውግዘት የሚወርደው በሚሰርቀውና በሚፍቀው ላይ እንጂ በሚገለብጠው ላይ አይደለም። “ብገለብጠው ለባለቤቱ ምን ይጎድልበታል?” የሚለው ክርክር ሥር አለው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ክርክሩ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። አንደኛ፣ ቁም ጸሐፊው የሚገለብጠው ባለቤቱ “ገልብጥ” ብሎ የሰጠውን ነው። ቁልፍ ሰባሪው ግን በውሉ ላይ “ተስማምቻለሁ” ብሎ ከተጫነ በኋላ ያልተስማማበትን ይሠራል። በደሉ ከመገልበጡ ይልቅ በሐሰቱ ላይ ነው፤ ያንንም ሐሰት ልጁ ከአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያያል። ሁለተኛ፣ ቁልፉን የሰበረው ያልታወቀ ሰው በውስጡ ምን ትቶ እንደሄደ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። የሌላውን በር ሰብሮ ቁልፍ የሰጠ ሰው የተቀባዩንም በር ሊከፍት ይችላል።

ሦስተኛው በር የድሮውን የቁም ጸሐፊ ወግ ያለ ሐሰት ይመልሳል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የጂኤንዩን ሥራ ሲያውጅ የተነሳው ሰው ፕሮግራሙን ለፈለገው ዓላማ እንዲጠቀምበት፣ አሠራሩን እንዲመረምር፣ ለጎረቤቱ እንዲያካፍልና እንዲያሻሽል መብት ይኑረው በሚል ነበር። ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረበው ሊኑክስ ተጨምሮበት ሙሉ ሥርዓት ሆነ። እዚህ ላይ ቋንቋ ያስተምራል። እንግሊዝኛ ነጻነትንና ያለ ክፍያ መሆንን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ብዙዎችን አሳስቷል። በናጋድ ያለው ልጅ በትምህርት ቤቱ የሚሰማው ፈረንሳይኛ ግን “ሊብር” እና “ግራቱዊ” ብሎ ይለያቸዋል። በአማርኛ ልዩነቱ አንዲት “በ” ናት፤ “ነጻ” እና “በነጻ”። ገንዘብ ሳይከፍሉ የሚያገኙት ነገር ሁሉ ነጻ አያወጣም፤ ነጻ የሚያወጣውም ሁሉ በነጻ አይገኝም።

“የምንጭ ኮዱን የማያነብ ሰው ይህ ነጻነት ምን ይፈይድለታል?” የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ከእ.ኤ.አ. 1942 ጀምሮ የኢትዮጵያ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ይታወጃል። ጋዜጣውን ገልጦ የሚያነብ ዜጋ ጥቂት ነው። ሆኖም ሕጉ በአደባባይ መታወጁ ለማያነበውም ጋሻ ነው፤ የሚያነብለት ጠበቃ፣ የሚከራከርለት ጎረቤት ሊያገኝ ይችላልና። የክፍት ኮድም ነገር እንዲሁ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ነጻነትን ማስገደድ ይቻላልን? አባት በነጻነት ፍቅር ነዶ በአንድ ሌሊት ማሽኑን ቢገለብጠው፣ ማለዳ እናት የጀመረችውን ደብዳቤ ታጣለች፣ ልጅ የቤት ሥራውን መክፈት ያቅተዋል፤ ሁለቱም በየደቂቃው “አባባ፣ ይህ እንዴት ነው?” እያሉ የእርሱ ጥገኞች ይሆናሉ። ከሩቅ ኩባንያ ጥገኝነት ወጥተው የቅርብ ጌታ አገኙ እንጂ ነጻ አልወጡም። ስለሆነም “ለጀማሪ የሚመች” የሚለው መስፈርት የሰነፍ መስፈርት ተደርጎ ሊናቅ አይገባም። የነጻነት ልክ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ እውቀት ያለው ሰው ያለ አጋዥ የሚሠራው ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የቆየው ዴቢያን የተከበረ ቢሆንም ለልምድ ያለው ሰው ይበልጥ ይመቻል። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረው ኡቡንቱ፣ በእርሱም ላይ ተመሥርቶ በ2006 የተጀመረው ሊኑክስ ሚንት ለጀማሪ ይቀርባሉ። የሚንት ገጽታ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀላል ዓይነቱም ለደከመ ማሽን ይስማማል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነስቶ መሞከር መቻሉ ነው። ፋይሎቹ አስቀድመው በሌላ ቦታ ይቀመጡ። እናት በአማርኛ ትጻፍበት፣ ልጅ በሊብረኦፊስ የቤት ሥራውን ይክፈት፣ አባት ማተሚያውን ይፈትሽ። ከሦስቱ አንዱ ካልተስማማ መጠበቅ ሽንፈት አይደለም። ትምህርት ቤቱ በሊኑክስ የማይሠራ ፕሮግራም ግድ ካለ፣ የቀድሞውን ሥርዓት ከአዲሱ ጎን ማኖርም ይቻላል። ተመክሮበት የተገኘ ነጻነት ይጸናል።

የአማርኛው ጉዳይ ለብቻው ይታይ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም የራሱ ስውር ቁጥር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅ ይሆን ነበር። የሐዲዱ ነገር ማለት ነው። የጋራው ልክ ከተገለጠ በኋላ እንደ አቢሲኒካ ያሉ ማንም ሊያባዛቸው የተፈቀዱ የፊደል ቅርጾች መጡ፤ በሊኑክስ ላይም በአማርኛ መጻፍ ተቻለ። የሥርዓቱ ማውጫዎችና መልእክቶች ግን ወደ አማርኛ የተተረጎሙት በከፊል ብቻ ነው። ቀሪውን ማን ይጨርሰው?

“ክፍት ምንጭ” የሚለው ትርጉም ሳይታሰብ መልካም ነገር ይዟል። በገጠር ምንጭ የሁሉ ነው፤ ማንም ቀድቶ ቢሄድ “ክፈል” የሚለው የለም። ደለሉን የሚጠርግ፣ ከብት እንዳይገባበት የሚያጥር ከጠፋ ግን በጥቂት ክረምት ረግረግ ይሆናል። ቀድቶ መሄድ ኃጢአት አይደለም፤ መቼም ሳይጠርጉ ዕድሜ ልክ መቅዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ አማርኛም ፈረንሳይኛም የሚያውቀው የናጋዱ ልጅ አንድ ቀን አሥር ቃላት ቢተረጉም ድርሻውን ተወጣ። ያን ጊዜ በነጻ የተቀበለው ነገር ነጻ ሰው አድርጎታል ማለት ይቻላል።