ጩቤው ምን ያስረዳል?

ጊዜው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1792 ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ የውጭ አገር ሰዎችን ለመቆጣጠር በወጣ ረቂቅ ሕግ ላይ ሲከራከር የምክር ቤቱ አባል ኤድመንድ በርክ ከልብሱ ሥር ጩቤ መዝዞ ወለሉ ላይ ወረወረ። በርሚንግሃም ውስጥ 3,000 ጩቤ ታዟል፣ ከፈረንሳይ አብዮተኞች ጋር መወዳጀት የሚያተርፈው ይህን ነው አለ። ከሁለት ቀን በኋላ የካርቱን ሠዓሊው ጄምስ ጊልሬይ ነገሩን በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ ለሣቅ አቀረበው። በርክ ጩቤ ይዞ ይጮኻል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት በድንጋጤ ወደ ኋላ ይላል።

ሥዕሉ ያሥቃል። ሣቁ የረታው ግን ምኑን ነው?

የበርክን ቁጣ ነው ከተባለ፣ የተቆጣ ሁሉ ተሳስቷል ማለታችን ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ረጋ ብሎ አይናገርም፤ እሳቱ ግን እውነት ነው። በርክ ገና በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ አብዮቱ መጨረሻው በአንድ የጦር አዛዥ እጅ መውደቅ ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ሥዕሉ ወር ሳይሞላው የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ አንገቱን ተቀላ፤ በፌብሯሪ 1793 ፈረንሳይ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች፤ በ1799 ናፖሊዮን ሥልጣን ያዘ። የተሣቀበት ሰው በዋናው ጉዳይ ላይ ከሣቂዎቹ የተሻለ አይቶ ነበር።

ይህ ግን ጩቤውን አያጸድቅም። አንድ ጩቤ ስለ ሌሎቹ 2,999 ምንም አይመሰክርም፤ ሁሉም ቢገኙ እንኳ ማን ለምን እንዳዘዛቸው አይናገሩም። በርሚንግሃም እኮ የብረታ ብረት ከተማ ነበረች፣ ስለት መሥራት እንጀራዋ ነበር። በርክ መናገር የነበረበት ይህን መሐል ያለውን ማያያዣ ነበር፤ እሱን ዘለለና የአድማጮቹን ዓይን ያዘ። ሐሳብን በሐሳብ ይመልሱታል፤ የተወረወረ ጩቤን ግን ወይ ይሸሹታል ወይ ይሥቁበታል። ስለዚህ ጊልሬይ ክርክርን በቧልት አረከሰ የሚለው ክስ አይዋጥልኝም። ክርክሩ ጩቤው ወለሉን ሲነካ ቆሞ ነበር።

ሆኖም ሣቅም ከዚያው በሽታ ነፃ አይደለም። ለሹል አፍንጫና ለመነጽር ማን ማስረጃ ጠቅሶ መልስ ይሰጣል? የሥዕሉን ርእስ ልብ ይሏል፦ «የጩቤው ትዕይንት፣ ወይም የተጋለጠው ሴራ»። የመጀመሪያው ግማሽ ማክቤዝን ያስታውሳል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ተውኔት ያነበበ እንደሚያውቀው፣ ማክቤዝ የሚያየው ጩቤ በእውኑ የለም። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ሴራው እውነት ነበር፣ ተደረሰበት ይላል። ተከራካሪ እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ አፍ ቢናገር እዚያው በራሱ ቃል ይያዝ ነበር። ሠዓሊው ግን በአንዱ ጩቤ በርክን ቃዠ ይለዋል፣ ተቃዋሚዎቹን ሴረኛ ያደርጋል፣ ማንም አይጠይቀውም። ይህ ነፃነት ለቀልድ ጥሩ ነው፤ ለፍርድ አይበቃም።

በዚህ ላይ ጊልሬይ ከ1797 ጀምሮ ከፒት መንግሥት በምስጢር በዓመት 200 ፓውንድ ይከፈለው ነበር። እዚህ ላይ «እንግዲህ ሥዕሎቹ ሁሉ ውሸት ናቸው» ማለት ይቀናል። አይሆንም። ቁጣ የበርክን ሐሳብ ሐሰት ካላደረገው፣ ገንዘብም የጊልሬይን ሥዕል ሐሰት አያደርገውም፤ ለአንዱ የከለከልነውን መደምደሚያ ለሌላው ልንፈቅድ አንችልም። ክፍያው የሚያስጠረጥረው የተሣለውን ሳይሆን ያልተሣለውን ነው። ከዚያ በኋላ የወጡ ሥራዎቹን የሚመረምር ሰው የተቃዋሚው መሪ ፎክስ ምን ያህል ተዋረደ ብሎ ከመቁጠር ይልቅ፣ ፒት የትኛው ጥፋቱ ላይ እንደታለፈ ቢፈልግ ይሻለዋል።